የተራ ጠብ

ከባትከን በላይ፣ ተራራው ግርጌ ላይ ካለች ጎስቋላ መሬት፣
አንድ ቦይ ነው ያለን፣ ለአርባ ስምንት ቤት።
ውሃው በተራ ነው፤ ተራው በደቂቃ፤
ያጠጣው ይተኛል፣ ባለተራው ሲነቃ።
የውሃ አባት አለን፣ ማማሳሊ ሚባል፤
ዓይኔ ሌት አይሠራም ብሎ በጊዜ ይተኛል።
የኔ ከስምንት ነው፣ እስከ አስር ተኩል፤
ከኔ በፊት ያለው ጎረቤቴ ኤሺምኩል።

ስምንት ሆነ። ጠበቅኩ። ቦዬ ደርቋል አፉ፤
አፕሪኮቶቼም በጥም ቅጠል አረገፉ።
ስምንት ከሩብ ሆነ። ስምንት ተኩል ሞላ።
የሱ አፈር ሲጠጣ ይሰማል ከኋላ።

ግማሽ ሰዓት ውሃ ምን ያህል ነው? ኢምንት።
ሦስት ዛፍ ቢያጠጣ፣ ቢበዛ አራት፣ አምስት።
ግን ንዴት የሚሰፍር በገዛ ቁናው ነው፣
ጭብጥ የማትሞላን ጎተራ ሚያደርገው።

አካፋዬን ይዤ ወጣሁ በጨለማ፣
በየእርምጃዬ ስር የድሮ ቂም ሲሰማ፤
ያጥሩ መጋፋት፣ የውሻው ንክሻ፣
በልጁ ሰርግ ቀን የነፈገኝ ድርሻ፣
ላማቹ የዳሌ፣ ለኔ ያንገት ሥጋ!
ሁሉም ተነሥቶ ተሰለፈ ከኔ ጋ።

ከመዝጊያው ላይ ቆሟል፣ ተነክሮ በጭቃ።
«ሰዓትህ አልፏል!» አልኩ፣ ሰፈር እንዲነቃ።
ሰዓቱን አወጣ። እኔም አወጣሁት።
የሱ ያባቱ ነው፤ የኔን ገበያ ገዛሁት፤
ሩብ ሰዓት ይለያያሉ። ማን ይዳኝ በሌሊት?
«አላለፈም» አለ። «አልፏል!» «አላለፈም!»
ከዚያ ያልነው ሁሉ ለልጅ አይነገርም።
አባቴን ጠራብኝ። እኔም ያንን እናት።
የሞቱትን ሁሉ ጎትተን ከመሬት
አመጣናቸው እዚያ፣ ለግማሽ ሰዓት።

አካፋው ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፣
እላለሁ እስከዛሬ፤ ራሴም አላምነውም።
ስለቱ ከጨረቃ ብርሃን ተበድሮ
ከነጭ ቃልፓቁ በላይ ቆመ ተወጥሮ።

እሱም አካፋ አለው። በእጁ ነው። አየሁት።
መዳፉ ሲጠብቅ፣ ሲላላ፣ ቆጠርኩት።
ከዚያ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰውዬው ተቀመጠ።
እዚያው፣ ከቦዩ ጠርዝ፣ ጀርባውን እየሰጠ።
ቦቲውን መሳብ ያዘ፤ ጠቦ አልወጣ አለ።
ዞሮ «ሳብልኝ» ብሎ እግሩን አንጠለጠለ።

አካፋ የጨበጠ እጅ ቦቲ አይስብም፤
ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚችል የለም።
አወረድኩ፤ ሳብኩለት። በድንገት ወጣ፤
እሱም ገለበጠው፣ እንዳይቀር ጠብታ፣
ጭቃውን፣ ሣሩን፣ አንዲት ጉርጥ ጭምር
ከእግሬ ሥር አፈሰሰ ያለ ምንም ግርግር።
«የወሰድኩብህ ይኸው። ልክ ነው? ቁጠረው።»
መሳቅ ፈለግሁ፤ ኩራቴ ግን አስቀረው።

ዝም ባልን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማነው፤
ውሃ ሌላ ቦታ፣ ከኛ ርቆ ሲፈስ ነው።
ስንጓተት የረገጥነው ግድብ ተንዶ፣
በጎን ሾልኮ ወጥቶ፣ መንገዱን ዘልቆ ሄዶ፣
የባልቴቷን የኡልካንን ሽንኩርት ያጠጣል።
ጧት መርቃን ሄደች፤ ይህን ማን ያምናል?

በዚያው በጋ፣ ታች መንደር፣ በዚያው ቦይ፣ በዚያው ተራ፣
አንድ አካፋ ወረደ። ስሙን አልጠራ።
አንዱ ካፈር በታች፣ አንዱ እስር ቤት አሉ፤
የሁለቱም ዛፎች ደርቀው ይታያሉ።

አምና ሰርግ ቤት ሆነን፣ ከዳሌው ቆርሶልኝ፣
«ያን ሌሊት» አልኩት፣ «እስቲ እውነት ንገረኝ፤
ልትመክረኝ ነበር? ፈርተህ? አስተውለህ?»
አጥንቱን ጋጠና፣ «ምኑን ልንገርህ?
እግሬ ረጥቦ ነበር» አለኝ፤ «ሌላ ምን አለህ?»

ተራ ጠብ ይሉታል ይህን የተራ ጠብ፤
እኔ ግን ሳስታውስ መዳፌ ይላል ረጠብ።
ዛሬም ተራዬ ነው። ደርሷል የሌቱ ስምንት።
ውሃው አልመጣም ገና። ቆይቼ ልየው ጥቂት።